ከአንድ ድስት የሚበሉ

ውድ ወንድም ጋሼ፣

ስልክ ስደውልልህ «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» እያልክ ጆሮዬ ላይ ስለምትዘጋው ይኸው ወደ ወረቀት ዞሬያለሁ። ወረቀት አይዘጋም። ይህን የሚያደርስልህ ያ የአውቶቡስ ሾፌር ጓደኛህ ነው። መልስ ሳይቀበልህ እንዳይመለስ አስምዬዋለሁና ባዶ እጁን እንዳትሸኘው።

እኛ ደህና ነን። እኔ ያው ከስፌቱ ጋር ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው። ትምህርት ቤት ሊከፈት ስለሆነ የደንብ ልብስ ትእዛዝ በዝቶብናል፤ ቀኑን ሙሉ ኮሌታ ስገጥም ውዬ ማታ ዓይኔን ስጨፍን ኮሌታ ይታየኛል። የእማዬ ጉልበት አንተ ከሄድክ ወዲህ ብሶባታል። ጓሮ ድረስ ለመሄድ እንኳ ግድግዳ መያዝ ጀምራለች፣ «ልደግፍሽ» ስላት ግን ትቆጣለች። ደክሞኛል ወንድም ጋሼ። ለማንም አልናገረውም፤ ላንተ ግን ልንገርህ፣ ደክሞኛል።

የምጽፍልህ ግን ለዚህ አይደለም። ቆጣሪዋ ተመልሳ ልትመጣ ነው።

መቼም አልረሳሃትም። ከስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት የተላከችው፣ ታብሌቷን እንደ ጨቅላ ደረቷ ላይ አቅፋ የምትዞረው ልጅ። የየክልሉን የቤተሰብ ገቢና ወጪ ሲያጠኑ ከሰፈራችን በዕጣ ከወጡት ቤቶች አንዱ የኛ ነበር። እማዬ በዕድሜዋ ዕጣ ወጥቶላት ስለማያውቅ ሽልማት መስሏት ወንበር ጠርጋ ነው የተቀበለቻት።

የልጅቷ የመጀመሪያ ጥያቄ «በዚህ ግቢ ውስጥ ስንት ቤተሰብ ይኖራል?» የሚል ነበር። እኔ «ሁለት» ልል አፌን ስከፍት እማዬ ቀደመችኝ።

«አንድ!»

ልጅቷ በመስኮት የጓሮውን ክፍል አየት አደረገች። «እማማ፣ እኛ አንድ ቤተሰብ የምንለው ከአንድ ድስት የሚበሉትን ነው። ሁላችሁም አብራችሁ ነው የምትበሉት?»

«ታዲያስ! ልጄ ከማን ጋር ሊበላ ኖሯል?»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ጋራዡ ተዘግቶ ሥራ ከፈታህ በኋላ «የታናሽ እህቴን እጅ አላይም» ብለህ ትንሿን ቡታጋዝና አንድ ድስት ይዘህ ጓሮ ከገባህ ቆይቶ ነበር። የገባህ ቀን እማዬ ሳህንህን ከመደርደሪያው አውርዳ፣ ሳይቆሽሽ አጥባ፣ መልሳ ቦታው አስቀመጠችው። እኔ ደግሞ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ጋራዡ ሲዘጋ የሰጡህን ገንዘብ ይዘህ ብቻህን ልትበላ የሄድክ መስሎኝ ተቀይሜህ ነበር።

ቆጣሪዋ ግን አንዴ ጠይቃ የምትሄድ አልሆነችም። ወሩን ሙሉ በየጥቂት ቀኑ እየተመላለሰች የተገዛውን፣ የተቀቀለውን፣ የተበላውን ልትጽፍ ነው። እማዬ ይህን ስትሰማ ወዟ ጠፋ። ልጅቷ እንደወጣች ሁለታችንንም ጠርታ «አንድ ነን ብያለሁ። በሰው ልጅ ፊት ውሸታም አታድርጉኝ» አለችን። አንተም ቆጣሪዋ በምትመጣባቸው ቀናት ምሳ ሰዓት ላይ እጅህን ታጥበህ ብቅ ማለት ጀመርክ።

የመጀመሪያው ምሳ ትዝ ይልሃል? እንደ አዲስ አማች ጫፍ ላይ ቁጭ ብለህ «ጨው ብታቀብይኝ» ስትለኝ፣ እኔ ደግሞ «እጅ የለህም?» ስልህ፣ እማዬ በጠረጴዛው ሥር ሁለታችንንም በእግሯ ስታቀምሰን። ያ የታመመ ጉልበት ያን ቀን እንዴት እንደተዘረጋላት እስካሁን አይገባኝም። ልጅቷ ቀና ስትል ሦስታችንም ፈገግ ብለን ጠበቅናት።

ከዚያ ቆጣሪዋ በማትመጣበትም ቀን ለምሳ መምጣት ጀመርክ። አላየሁም ብለህ ነው? አይቻለሁ፤ ሳህንህንም ቀድሜ አቅርቤ ነበር። ደስ ብሎኝ ነበር ወንድም ጋሼ። እኛ ቤት ደስታ በአፍ አይነገርም እንጂ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። «ወሩ ሲያልቅ ድስቱንም ይዞ ይገባል» ብዬ ለራሴ ነግሬዋለሁ።

ከዚያ የመጨረሻዎቹ ጥያቄዎች ቀን መጣ። ሾርባና ዳቦ ቀርቧል፤ ልጅቷም «እየበላችሁ እንጨርሰው» አለች። ገቢህን ስትጠይቅህ «የለኝም» አልካት። «ጋራዡ ሲዘጋ የከፈሉዎትስ?» ብትልህ «ባለቤቱ ነገ ዛሬ ሲል አገር ለቆ ጠፋ» አልካት። እህትህ የማላውቀውን ለእሷ ስትነግራት አንገቴን ደፋሁ። ከዚያ ልጅቷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ አነበበች።

«ባለፉት ሰባት ቀናት፣ ምግብ በማጣት ምክንያት ሳይበላ ያደረ የቤተሰብ አባል አለ?»

«የለም፣ ተመስገን!» አለች እማዬ።

አንተ ዳቦህን አስቀመጥክ። «አንድ አለ ብለሽ ጻፊ።»

እማዬ የምትቀልድ መስሏት ሳቀች። «ምን ነካህ? ማታ ማታ ድስትህ ሲንኳኳ እሰማ የለ?»

«ውሃ ነው እማዬ። ክዳኑን የማንኳኳው አንቺ እንድትሰሚው ብዬ ነው።»

ልጅቷ ጣቷን ከታብሌቱ አነሳች። «ጋሼ፣ ካልፈለጉ እኮ ይህን ጥያቄ ማለፍ ይቻላል።»

«እኔ መካኒክ ነኝ ልጄ» አልካት። «የሙቀት መለኪያው ጌጅ ከዋሸ ሞተሩ ይቃጠላል። ያለውን ጻፊ።»

እኔስ ምን አደረግሁ? ጭልፋውን አንስቼ ሳህንህ ላይ ሾርባ ጨመርኩ። እስኪፈስ ድረስ ጨመርኩ። ሌላ የማደርገው ነገር አልመጣልኝም። አንተ የፈሰሰውን አየህና «ጠግቤያለሁ» ብለህ ተነሣህ። ሳምንት ሳይሞላህ ሻንጣህን ይዘህ ሥራ ፍለጋ ወደ ሌላ ክልል ሄድክ። ምጽዋት መስሎህ ይሆናል፤ ምጽዋት አልነበረም። ማታ ማታ የክዳኑን ድምፅ እየሰማሁ «ለብቻው ምን ምን እየሠራ ይሆን የሚበላው?» ብዬ አንጀቴ ሲያር ነበር የከረመው፤ ያን ሁሉ ነው በአንድ ጊዜ ሳህንህ ላይ የገለበጥኩት።

የጥናቱ ውጤት ወጥቷል። በሬዲዮ ሰማነው። የክልሎቹን የቤተሰብ ገቢ በተራ ሲጠሩ አንተ ያለህበት አንደኛ ወጣ፤ የኛው መሐል ላይ ነው፣ አይመሰገን አይነቀፍ። እማዬ ሬዲዮዋን ዘግታ ጎረቤት ሄዳ «ልጄ ያለበት አገር አንደኛ ወጣ» ብላ አወራች። አንተ የተፈተንክ እኮ ነው የመሰላት።

ባለፈው ሳምንት ቆጣሪዋ የሁለተኛው ዙር ጥናት ሊጀመር መሆኑን ልትነግረን ብቅ ስትል ግን እማዬ አሳድራ የጠበቀቻት ጥያቄ ነበራት።

«ልጄ፣ ይሄ አማካይ የምትሉት ምንድን ነው?»

«የሁሉንም ቤት ገቢ ደምረን ለቤቶቹ ቁጥር እናካፍለዋለን እማማ። ካንዱ የተረፈው የሌላውን ጉድለት ይሞላል።»

«በእውነት ይሞላል ወይስ በወረቀት?»

«በወረቀት ነው እማማ።»

«እንግዲያው ልጄም የጠገበው በወረቀት ይሆናላ!»

ልጅቷ ሳቀች፤ እማዬ ግን አልሳቀችም። ከዚያ ያንተ ነገር ተነሣ። ለካ ስድስት ወር ከቤት የራቀ ሰው የቤተሰቡ አባል ተብሎ አይጻፍም። እማዬ ብድግ አለች። «ልጅነቱን ማን ሊሰርዝ ነው?» ልጅቷ በትዕግሥት «ልጅነቱን አይደለም እማማ፣ እኔ የምጽፈው ከድስቱ የሚበላውን ነው» ብላ አስረዳቻት። ደግነቱ የምትመጣው የሚቀጥለው ማክሰኞ ነው፤ ስድስት ወርህ ሊሞላ ጥቂት ቀን ይቀረዋል። ለጥቂት ተርፈሃል ማለት ነው።

በሾፌሩ የላክኸው ገንዘብም ደርሶናል። እሱም አከራከረን። አባል ከሆንክ ገቢ ተብሎ ይጻፋል፤ ካልሆንክ ከውጭ የመጣ ድጋፍ ነው። እማዬ «ልጄ ለኔ ድጋፍ ሰጪ ድርጅት ነው እንዴ?» ብላ ልጅቷን በላብ አጠመቀቻት። ይህን ሁሉ ተከራክራ ግን ገንዘቡን አልነካችውም። እንዳጠፍከው ከነላስቲኩ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። መድኃኒቷን ልግዛበት ብላት እንቢ አለች። «በልቶ የተረፈውን ነው የላከው ወይስ ሳይበላ ያጠራቀመውን? ይህን ሳላውቅ አልነካውም።»

ይህን ጥርጣሬ ያመጣባት ሾፌርህ ነው። «እንዴት ነው ልጄ?» ስትለው «ደህና ነው፣ ትንሽ ቀጠን ብሏል እንጂ» አላት። ዓይኗን አፍጥጣ ስታየው ደግሞ «ሸሚዙ ሰፍቶት ይሆናል» ብሎ ሊያስተካክለው ሞከረ። ሸሚዙን የሰፋሁልህ እኔ ነኝ። በልክህ ነው የሰፋሁት።

ወንድም ጋሼ፣ እማዬ ማክሰኞ ስምህን ልታስጽፍ ቆርጣለች፣ እኔም አብሬያት ነኝ። ግን አባል ከሆንክ ያ ጥያቄ አንተንም ይጨምራል። ልጅቷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ስታነበው እማዬ እንደ በፊቱ ተሽቀዳድማ «የለም» አትልም፤ ወደ እኔ ነው የምትዞረው። እኔ ደግሞ አላውቅም። አንተ ያለህበት ክልል አንደኛ መውጣቱን አውቃለሁ፣ አማካዩንም አውቃለሁ፣ የወንድሜን ራት ግን አላውቅም። ልዋሽም አልችልም። ጌጅ ከዋሸ ሞተር ይቃጠላል ያልከው አንተ ነህ።

ብትመጣ ደስ ይለኛል። ሥራ ከሌለም ና፤ ከእጅ ወደ አፍ ቢሆንም አብረን እንሁን። የኔን እጅ ማየት ካስጠላህ አንተ አብስል፤ እኔ ከስፌት ደክሜ ገብቼ ያንተን እጅ ልይ። ከልቤ ነው። ድስትህን ወደ ማድቤት አስገብተነዋል፣ እማዬ ድንች ትቀቅልበታለች። ክዳኑ አሁንም አይገጥምም። ውሃው ሲፈላ መንኳኳት ሲጀምር እማዬም እኔም ሥራችንን ትተን እናዳምጠዋለን።

ሾፌሩ ቆሞ እየጠበቀህ ነው። ስለ ሥራው፣ ስለ ኪራዩ፣ ስለ መምጣትህ ሌላ ጊዜ ትጽፍልኛለህ። ዛሬ አንድ መስመር ብቻ ጽፈህ ስጠው። «ደህና ነኝ» እንዳትለኝ፤ የጠየቅሁህ እሱን አይደለም።

ትናንት ማታ ራት በልተሃል?

ሳህንህን አጥባ የምትጠብቅህ
ታናሽ እህትህ