ማኅተም ያላረፈባቸው መጻሕፍትና የወይዘሮ ፌሊሺያ አብላ ጋደግቤኩ ሕይወት

ወይዘሮ ፌሊሺያ አብላ ጋደግቤኩ ከመረብ ሠሪው ከአቶ ኮድዞ ታማክሎና ከወይዘሮ ኤሲ ዶርኬኑ እ.ኤ.አ. በ1951 በጋና፣ ኬታ ሐይቅ ዳር በምትገኘው በአጎርኮፔ ተወለዱ። ማክሰኞ ስለተወለዱ፣ ልጅን በተወለደበት ቀን በሚሰይመው በሕዝባችን በኤዌዎች ልማድ አብላ ተባሉ።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ተምረው፣ በ1972 በከተማችን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በረዳትነት ተቀጠሩ። አባታቸው መረብ እየጠገኑ፣ "የእኔ ልጅ ወረቀት እየጠበቀች ደመወዝ ትበላለች" እያሉ ይኮሩባቸው ነበር። በ1976 መምህር ራፋኤል ጋደግቤኩን አግብተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፈሩ። ይህን የምጽፈው የመጨረሻዋ ልጃቸው ሴላሲ ነኝ። ከዚህ በታች ያለው እንዲቀር ቤተሰቡ ለምኖ ነበር። እናታችን ግን፣ "ቀብሬ ላይ ደግ ደጉን ብቻ ካነበባችሁ በስሜ ዋሻችሁ ማለት ነው" ስላሉ ጻፍኩት።

በ1989 ለሥልጠና ወደ አክራ ተላኩ። ከአጎርኮፔ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ለሥልጠና ሲላክ የመጀመሪያው ነበር። የተማሩት ቦታ የያዙ አሮጌ መጻሕፍትን መርጦ ማስወገድን ነው። መለያው ቀላል ነበር። ሰው መጽሐፍ ሲዋስ የመመለሻው ቀን ከኋላ በተለጠፈው ወረቀት ላይ በማኅተም ይመታል፤ ለአምስት ዓመት ማኅተም ያላረፈበት መጽሐፍ ፈላጊ የለውምና ይወገዳል። እናታችን የምስክር ወረቀታቸውን በመስታወት አስገብተው ግድግዳ ላይ ሰቀሉና ወዲያው ሥራ ጀመሩ። ትጉ ነበሩ፤ ጥፋቱም ከትጋታቸው መጣ።

በኤዌኛ የተጻፉት የንባብ መማሪያዎች አንዳቸውም ማኅተም አልነበራቸውም። እንዴት ይኖራቸዋል? የሚያነቧቸው ዓሣ አድራቂ ሴቶች ነበሩ። መጽሐፍ የሚዋስ አባል ለመሆን ደመወዝ የሚያገኝ ዋስ ይጠየቃል፤ እነሱ ማንን ይጥሩ? ስለዚህ ቀትር ላይ ከገበያ መጥተው፣ ሽታው ሰው እንዳያስቀይም ጓሮ በር ላይ ቆመው አንብበው ይመለሱ ነበር። እናታችን ይህን በየቀኑ በዓይናቸው ያያሉ። እያዩም መጻሕፍቱን ጓሮ አውጥተው አቃጠሏቸው።

ከሴቶቹ አንዷ ወይዘሮ ያዋ ዶቼ ነበሩ። ፊደሉን ለይተው፣ ቃል መግጠም ጀምረው፣ መጽሐፉን አጋምሰውት ነበር። በማግስቱ መጥተው ባዶውን መደርደሪያ ቆመው አዩ። እናታችን ከሥራቸው ቀና ብለው፣ "ምን ፈለግሽ?" አሏቸው።

"ኧረ ምንም" ብለው ወጡ። ከዚያ ወዲያ እሳቸውም ጓደኞቻቸውም አልተመለሱም።

እናታችን ያደረጉት ነገር የገባቸው የጓሮው በር ጭር ብሎ ሲከርም ነው። ሌሎች መጻሕፍት ለማስመጣት ደጅ ጠኑ፤ መጻሕፍቱ መጡ፣ አንባቢዎቹ ግን የሉም። ወይዘሮ ያዋን ፍለጋ ገበያ ወረዱ፤ ድንበር ተሻግረው ቶጎ፣ ሎሜ ከተማ መግባታቸውን ሰሙ። ሎሜም ሄደው አጧቸው። አባታችን፣ "አንቺ ሴት፣ ደንቡን ነው የፈጸምሽው፣ ምን ያንገበግብሻል?" ሲሏቸው፣ "ደንቡን ያነበብኩት እኔ ነኝ፤ እሷ መች አነበበች?" ይሉ ነበር። እኛ ልጆቻቸውም ሰልችቶን፣ "ይኸው ደግሞ ያዋ ተነሣች" እያልን እንስቅባቸው ነበር።

በ2011 ጡረታ ቢወጡም አርብ አርብ ወጣት ሠራተኞችን ማሠልጠን አልተዉም። የቤተ መጻሕፍቱ ጣሪያ ያፈሳል፣ መብራት ይጠፋል፤ በስልክ የሚሰጠውን ሥልጠና ሠራተኛው ከኪሱ ካርድ ሞልቶ ይከታተላል። አሁን ደግሞ ከላይ የሚጠየቀው በአባልነት ቁጥራቸው ኮምፒውተር የከፈቱ ሰዎች ብዛት ብቻ ነው። እናታችን ይህን ሲሰሙ፣ "ግድግዳ ተደግፎ ጓደኛው ሲያነብለት የሚያዳምጠውንስ ማን ይቁጠረው? ተነሡና በዓይናችሁ እዩ እንጂ!" ብለው ይቆጡ ነበር። ቁጣቸው ከባድ ስለነበረ አንዳንዱ ወጣት አርብ ሲደርስ ያመው ነበር።

ባለፈው ዓመት ኩላሊታቸውን ታመው ሆስፒታል ሳሉ፣ ወደ አገራቸው የተመለሱት ወይዘሮ ያዋ ሰምተው ሊጠይቋቸው መጡ። እናታችን እጃቸውን ይዘው ሁሉንም ነገሯቸው። ወይዘሮ ያዋም፣ "እኔ እኮ እጄ ዓሣ ዓሣ ስለሚሸት የደበቃችሁብኝ መስሎኝ ነበር" አሉ። ባዶውን መደርደሪያ ካዩበት ቀን ወዲህ መጽሐፍ የሚባል ነገር ነክተው አያውቁም። እናታችንን ይቅር አሏቸው፤ ከልባቸው ነበር። እናታችን ግን ሰው በገባ በወጣ ቁጥር፣ "ይቅርታዋንስ አገኘሁ፤ ንባቡን ከየት ላምጣላት?" እያሉ ያለቅሱ ነበር። እ.ኤ.አ. ማርች 9 ቀን 2024 በተወለዱ በሰባ ሦስት ዓመታቸው አረፉ።

ባለቤታቸው ቀድመዋቸዋል። ሦስት ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው እዚህ ነን። ወይዘሮ ያዋ ዶቼም ከፊት፣ ከቤተሰቡ ጋር ተቀምጠዋል። ይህ ወረቀት በእያንዳንዳችሁ እጅ እንዳለ ሁሉ በእሳቸውም እጅ አለ። እናታችን ጮክ ተብሎ፣ ቀስ ተብሎ ይነበብ ብለው ያዘዙት፣ ወይዘሮ ያዋ ድምፁን እየሰሙ ፊደሉን እንዲከተሉ ሲሉ ነው።

በሕይወት ሳሉ እኛ ልጆቻቸው የነፈግናቸውን ዕረፍት እግዚአብሔር ለነፍሳቸው ይስጥልን። አሜን።