ሳይበሳ ለቀረው ብረት የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የብረት ለበስ ተሽከርካሪዎች ንድፍና ፍተሻ ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ፤
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ ይህች ደብዳቤ በሙሉ ጤና ታግኝዎ፤ ቤተሰብዎንም በደህና ያቆይልዎ። ወገብዎን ያምዎት እንደነበር ስለማስታውስ፣ አዲሱ የቢሮ ወንበርዎ ተስማምቶዎት እንደሆነ ሳልጠይቅ በቀጥታ ወደ ጉዳዬ መግባት ነውር መስሎ ታየኝ። እኔን የጠየቁ እንደሆነ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ጠዋት እነሣለሁ። ጎረቤቶቼ «አልቅሺ እንጂ፣ ይውጣልሽ» ይሉኛል፤ ምን እንደሚወጣልኝ ግን እስካሁን የነገረኝ የለም።

ከብዙ ሠራተኛ መካከል ላያስታውሱኝ ስለሚችሉ ማንነቴን ልግለጽ። በፍተሻ ሜዳዎ ላይ ቆርቆሮ ስሰቅልና ሳወርድ የኖርኩት፣ ሠራተኛው «እማማ ምስክር» የሚለኝ ሴትዮ እኔ ነኝ። ባለፈው ወር በላኩልኝ የሐዘን መግለጫ ላይ ደግሞ «የጀግናው እናት» ተብያለሁ። ሁለቱም እኔው ነኝ። መግለጫውን፣ የማክሰኞውን የበዓል ጥሪና በዕለቱ እንዳነበው የተዘጋጀልኝን ንግግር ተቀብያለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ከሸበትኩ በኋላ መሆኑን አስበው ንግግሩን በትልልቅ ፊደል ስላስጻፉልኝ አመሰግናለሁ። ፊደል ያስቆጠረኝ ልጄ ነው፤ ከሥራ ስመለስ የወጥ ቤታችንን በር ሰሌዳ አድርጎ በጠመኔ ይጽፍልኝ ነበር። ትንንሹንም አስተምሮኛልና ለወደፊቱ ቀለም አያባክኑ።

ዘግይቶ የተማረ ሰው ቀስ ብሎ ያነባል፤ ቀስ ብሎ የሚያነብ ደግሞ የሚዘለው ነገር የለውም። በመግለጫዎ ላይ «ጋሻው አልተበሳም» የሚለው ዐረፍተ ነገር ከላይም፣ ከመሐልም፣ ከታችም ተጽፎ አግኝቼዋለሁ። የልጄ ስም የተጻፈው አንድ ቦታ ነው፤ እሱም ተሳስቶ። ጋሻው እንዲህ የሚኮራበት ከሆነ፣ ለጋሻው ያለኝን ምስጋና በተራ ቁጥር ማቅረብ ግዴታዬ ነው።

አንደኛ፣ ብረቱን ስላጠነከሩልን አመሰግናለሁ። የድሮው ብረት ለስላሳ ነበር፤ ሲመታ እንደ ሊጥ ይጎደጉዳል እንጂ አይሰባበርም ነበር። ጉድጓዱ ለፎቶግራፍ አያምርም። አዲሱ ንድፍዎ ያመጣው ብረት ግን ጥይቱን ራሱን እንደ ሳንቲም ይጠፈጥፈዋል፤ ፊቱ ላይ የሚቀረው ጥቁር እድፍ ብቻ ነው። ችግሩ ኋላው ነው። ባለመነጽሩ መሐንዲስዎ ይህን በምሳ ሰዓት ሲያስረዳን፣ ቀለም የተቀባ የብረት ሳህን ከነምግቡ አንሥቶ ታቹን በመዶሻ መታው። ውስጡ ያለው ቀለም ተፈርፍሮ ምግቡ ላይ ወደቀ። «ሳህኑ ተበሳ እንዴ?» አለን። «አልተበሳም» አልነው። «እንግዲያው ብሉት» አለ። ያ ሳህን የእኔ ነበርና የዚያን ቀን ምሳ አልበላሁም። በጣም ጠንካራ ብረት ከፊት ሲመታ ከኋላው እንደዚሁ ይፈረፈራል፤ የሚፈረፈረው ግን ቀለም አይደለም፣ የጋለ ብረት ነው፤ የሚወድቀውም ምግብ ላይ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ገበሩን ስላነሡልን አመሰግናለሁ። የድሮዎቹ ተሽከርካሪዎች የውስጥ ግድግዳቸው ጥይት በማይበሳው ወፍራም ጨርቅ፣ ድርብርብ ሆኖ በተጠቀጠቀ ገበር የተሸፈነ ነበር። ከብረቱ ኋላ የሚፈረፈረውን የሚይዘው እሱ ነበር። ክብደት ይቀንሳል፣ ፍጥነት ይጨምራል ተብሎ ተነቀለና ግድግዳው ነጭ ቀለም ተቀባ። እውነትም አማረ። እንግዶች ሲጎበኙ «ውስጡ እንዴት ሰፊ ነው» እያሉ ሲወጡ በዓይኔ አይቻለሁ። ካፖርት የሚገዛ ሰው እንኳ ገልብጦ ገበሩን ሳያይ አይከፍልም፤ የእኛ ገዢዎች ግን ጨዋዎች ናቸው፣ ላዩ ካማረላቸው ውስጡን ለቄስ ብለው ይፈርማሉ።

ሦስተኛ፣ ቁጠባን ስላስተማሩን አመሰግናለሁ። ይህን የሚያነቡ ሌሎች ሰዎች ሥራችንን ላያውቁት ስለሚችሉ፣ በእርስዎ ፈቃድ ላስረዳ። የጋሻ ብረት ተሽከርካሪ ላይ ከመገጠሙ በፊት ሜዳ ላይ ቆሞ ይተኮስበታል። ከብረቱ ኋላ፣ ሰው በሚቀመጥበት ቦታ ልክ፣ እንደ ወረቀት የሳሳ ቆርቆሮ ይሰቀላል፤ ስሙ ምስክር ነው። ተኩሱ ሲያበቃ ቆርቆሮውን አውርጄ ወደ ፀሐይ አነሣው ነበር። በመርፌ ቀዳዳ ያህል እንኳ ብርሃን ካሳለፈ፣ ብረቱ ፊቱ የቱንም ያህል ቢያምር ወድቋል። ካላሳለፈ አልፏል። ሥራዬ ይኸው ነበር፤ ትምህርት አይጠይቅም፣ ዓይንና ሁለት እጅ ይበቃዋል።

አዲሱ ብረት ከመጣ ወዲህ ቆርቆሮው በየተኩሱ ወንፊት ሆኖ ይወርድ ጀመር። የተጣለውም ከመጋዘኑ ጀርባ ተከመረ። የቁጠባ ኮሚቴዎ ክምሩን ጎብኝቶ ብክነት እንዳለ ደረሰበት። ሌላ ሰው ቢሆን ብረቱን ይጠረጥር ነበር፤ እርስዎ ግን ቆርቆሮውን ጠረጠሩ። በቀጭኑ ፈንታ እንደ መጋዘን በር የወፈረ፣ በብሎን የሚታሰር፣ ደግሞ ደጋግሞ የሚያገለግል ምስክር አሠሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሜዳችን ላይ የወደቀ ብረት የለም። ሠራተኛው «ምስክሩ ጉቦ በልቷል» እያለ ይሥቅ ነበር፤ ድርጅቱ ግን የቁጠባ ዋንጫ ተሸለመ። ወፍራሙ ምስክር የሚሰቅለውም የሚያወርደውም ሰው ስለማያስፈልገው እኔም አብሬ ተቆጠብኩ። የቆርቆሮ ጠርዝ ሲተለትለው የኖረው መዳፌ አሁን ድኗል፤ ለዚህም አመሰግናለሁ።

አራተኛ፣ ባለመነጽሩን ስላሳረፉልን አመሰግናለሁ። በስብሰባ ላይ ተነሥቶ «ክቡር ሆይ፣ ምስክሩን ካወፈርነው የምንፈትነው ምስክሩን ነው እንጂ ብረቱን አይደለም» ባለ በሳምንቱ ጎማ መጋዘን ተመድቧል። እዚያ የሚናገረውን ጎማ ብቻ ስለሚሰማው ጤናው ተመልሷል ይላሉ።

አምስተኛው ምስጋናዬ ረዘም ይላል፤ ይታገሡኝ።

ልጄ የሞተ ዕለት ተሽከርካሪውን ይነዳ የነበረው ወታደር እየመጣ ይጠይቀኛል። የሹፌሩ ቦታ ከፊት ነው፣ ከኋላው ክፍል በግድግዳ የተለየ። ሌሎቹ ወርደው በእግር ይሄዱ ስለነበር ከኋላ የቀረው ሬድዮውን የያዘው ልጄ ብቻ ነበር። ሹፌሩ ቤቴ ሲመጣ ሻይ እቀዳለታለሁ፣ ግማሹን ይጠጣል፣ ከዚያ ያንኑ ነገር እንደ አዲስ ይነግረኛል። ከጎን ተመቱ። ሞተሩ ጠፋ። እሱ በላይ በኩል ዘሎ ወርዶ ዞሮ ሲያይ፣ ብረቱ ላይ የትሪ ስፋት ያለው ጥቁር እድፍ አለ፤ ቀዳዳ ግን የለም። በእጁ ዳሰሰው፤ የለም። ሣቀ። የኋላውን በር በቡጢ እየደበደበ «ውጣ እንጂ አንተ ሰነፍ፣ ብረቱ ውጦታል፣ ተርፈናል» አለ። ልጄ ቀልድ ስለሚወድ መልስ ያዘገየው ለቀልድ መሰለው። «እማማ፣ በሩን የከፈትኩት እየሣቅሁ ነበር» ይለኛል። ከዚህ አልፎ ነግሮኝ አያውቅም። ነጩ ቀለም ላይ ስላየው ነገር አልጠየቅሁትም።

ከዚያ በኋላ የመጡት ባለሙያዎችዎ ተሽከርካሪውን ከውጭ ለክተው፣ ፎቶግራፍ አንሥተው፣ ጋሻው አልተበሳም ብለው ጻፉ። ውሸት አልጻፉም። እኔም ብለካው ያንኑ እጽፍ ነበር። ሰው ከሞቱ አሟሟቱ ይላል፤ የልጄ አሟሟት ደግሞ ለድርጅቱ ምንም ነውር የሌለበት፣ ጥርት ያለ አሟሟት ስለሆነ እንኳን ደስ ያለዎት።

አሁን በጥሪ ወረቀትዎ ላይ እንዳነበብኩት ያ ተሽከርካሪ ማክሰኞ ከድርጅቱ በር ፊት ለፊት በሲሚንቶ መደብ ላይ ይቆማል። የተመታው ጎኑ አላፊ አግዳሚው እንዲያየው ወደ መንገድ ይዞራል፤ የኋላው በር ግን «ለጎብኚዎች ደህንነት ሲባል» ተበይዶ ይዘጋል። ሪባኑን እኔ እቆርጣለሁ። ከዚያ በትልልቁ ፊደል የተጻፈውን፣ «ልጄን ጋሻው አልከዳውም» የሚለውን ንግግር አነባለሁ። ቀጥሎ እንግዶቹ ወደ ሜዳ ወርደው የአዲሶቹን ብረቶች ፍተሻ ያያሉ። እነዚህ ብረቶች የሚገጠሙበትን ተሽከርካሪ የሚነዳው ያው ሹፌር ነው። አሁን የተመደበበት ሞዴል ግድግዳ የለውም፤ ክብደት ለመቀነስ ተነሥቷል፣ ሹፌሩም ከሌሎቹ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ይቀመጣል። ሚስቱ ልትወልድ ተቃርባለች። ባለፈው ሲመጣ «እማማ፣ ያንቺ ቆርቆሮ ምን አለ ይሄኛውን እንኳ ባየልኝ» ብሎኝ ሄዷል። የሞተው የእኔ ነው፤ ይህን የጠየቀኝ ግን በሕይወት ያለው ነው፤ ስለዚህ መልስ ልሰጠው ግድ ሆነብኝ።

ክቡር ሆይ፣ ገበሩን መልሱ አልልም። ግድግዳውን መልሱ፣ ባለመነጽሩን ከጎማ አውጡ፣ የዋንጫውን መስታወት ስበሩ አልልም። የምለምነው አንድ ቀጭን ቆርቆሮ ብቻ ነው። ማክሰኞ፣ ከመጀመሪያው ብረት ኋላ፣ ከወፍራሙ ምስክርዎ ፊት እንድሰቅለው ይፍቀዱልኝ። ተኩሱ ሲያበቃ በእንግዶቹ ፊት አውርጄ ወደ ፀሐይ አነሣዋለሁ። ብርሃን ካላሳለፈ፣ ንግግርዎን ከላይ እስከ ታች ድምፄን ከፍ አድርጌ አነባለሁ፤ «ጭብጨባ» ተብሎ በቅንፍ በተጻፈበት ቦታም ቆሜ እጠብቃለሁ። ብርሃን ካሳለፈ ደግሞ ንግግሩን አጥፌ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ፤ እርስዎም ያን ልጅ በዚያ ብረት ውስጥ አያስቀምጡትም። ከዚህ የሚቀል ውል መቼም ቀርቦልዎት አያውቅም፤ ጋሻዎን የሚያምኑት ከሆነ አንዲት አሮጊትና አንድ ቆርቆሮ ምን ያደርጉዎታል።

ይህን በጋዜጣ ማውጣቴን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ። መጀመሪያ ለጽሕፈት ቤትዎ ሰጥቼ ነበር፤ ጸሐፊዎ «እትዬ፣ የሐዘን ጉዳይ ስለሆነ ወደ ሐዘን ፋይል አስገብቼዋለሁ» አለችኝ። ልጅቱ ደግ ናት፤ ውሃም ሰጥታኛለች።

ወገብዎን ጤና እንዲሰጥዎ፣ ወንበርዎም ሳይነቃነቅ እንዲያቆይዎ እየተመኘሁ፣ ለበዓሉ ከሁሉም ቀድሜ እንደምገኝ በታላቅ ትሕትና አረጋግጣለሁ፤

እናቱ፣
የቀድሞዋ የፍተሻ ሜዳ ሠራተኛ፣
የተቆጠበችው።

ማስታወሻ፦ ቆርቆሮውን ዛሬ ጠዋት ራሴ ይዤ መጥቼ ነበር። በር ላይ ያለው ጥበቃዎ አላስገባኝም፤ ጠርዙ ስለታም ስለሆነ ሰው ይጎዳል አለኝ። እውነቱን ነው፤ እኔም የመዳፌን ጠባሳ አሳየሁት። በእርስዎ ድርጅት ውስጥ «ሰው ይጎዳል» የሚል ቃል ስሰማ የመጀመሪያዬ ስለሆነ ይህ ሰው የደረጃ ዕድገት እንዲሰጠው እለምናለሁ። ቆርቆሮው ከጥበቃ ቤቱ ጀርባ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። በሁለት ጣት ይነሣል።