«ሊቭ» ብል «ሄደች» ስላሉኝ

ለተከበሩ የሆቴላችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፣

እንደምን ሰንብተዋል? አሳንሰሩ ከቆመ ወዲህ ደረጃው ጉልበትዎን እንዳያስቸግርዎ ከልቤ እመኛለሁ። ቤተሰብዎም ደኅና ይሁን። በተለይ አሁን ሸሚዝዎን የሚተኩስልዎ ሰው ጤና አይጣ፤ እስከ ቅርብ ጊዜ ያ ሰው እኔ ነበርኩና የአንገትጌውን ጠባይ አውቀዋለሁ።

ይህን ደብዳቤ ሰው ሁሉ እንዲያነበው አድርጌ የጻፍኩት ደፍሬ አይደለም። ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ነበር፤ ጸሐፊዎ ግን ሠራተኛ ስላልሆንኩ ቀጠሮ እንደሚያስፈልገኝ፣ ቀጠሮውንም በእንግሊዝኛ ማመልከቻ መጠየቅ እንዳለብኝ በትሕትና ነገረችኝ። እኔና የእንግሊዝኛ ማመልከቻ ለጊዜው ስለተቀያየምን አደባባዩን መረጥኩ።

እኔ በምድር ቤቱ ልብስ ማጠቢያ አንሶላ የምተኩሰው ሴት ነኝ። የሠራተኛ ጥያቄ ሁሉ በእንግሊዝኛ ይቅረብ ብለው ሲያዝዙ፣ የሆቴሉ ደረጃ ከፍ እንዲል ነው ተብለን አምነናል። እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ ለዓይኗ ኦፕራሲዮን ቀጠሮ ደርሷት ነበር፤ እጇን ይዞ የሚወስዳትና የሚያስታምማት ከእኔ በቀር ሰው የላትም። ስለዚህ ትእዛዝዎን አክብሬ ጻፍኩ። ያልኩት በእኛ ፊደል ሲነበብ «አይ ሊቭ፣ ማይ ሲስተር አይ፣ ፕሊስ» የሚል ነው። እህቴን ዓይኗን ላሳክማት ፈቃድ ይስጡኝ ማለቴ ነበር። ቢሮዎ ግን ሥራዬን ለቅቄያለሁ ማለቴ መስሎት ተቀበለኝ።

እህቴን አሳክሜ ስመለስ የበሩ ጥበቃ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ «እትዬ፣ ምን ረስተው ነው?» አለኝ። ለሥራ ነው የመጣሁት ስለው «ኧረ እትዬ፣ ለቅቀዋል እኮ! ወረቀትዎ እዚሁ እኔ ጋ ነው። እኔማ ሀብታም ዘመድ ተገኘላቸው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር» አለኝ።

ወረቀቱ ያማረ ነው። ለአገልግሎቴ ያመሰግናል፣ መልካም ዕድልም ይመኝልኛል። ሆቴሉ በሠራሁበት ዘመን ሁሉ እንዲህ አመስግኖኝ አያውቅም፤ ለመመስገን መሰናበት ግድ መሆኑን ማን ነግሮኝ። እህቴም ፋሻዋ ከተፈታላት በኋላ መጀመሪያ አጥርታ ያየችው ነገር እሱ ሆነ። «ማኅተሙስ ያምራል» አለች፤ ሌላ ምን ትበል?

ቅሬታዬን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ቃሉን ያስተማረኝ ሆቴልዎ ነው። እንግሊዝኛዬን የለቃቀምኩት ከሳሙና ካርቶንና ከእንግዶች ኪስ ከሚወጣ ብጥስጣሽ ወረቀት ነው። መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ የተለጠፈው ካርድ እንዲታጠብ የሚፈልጉትን ፎጣ ወለሉ ላይ «ሊቭ» ያድርጉ ይላል፤ እዚያ ማስቀመጥ ነው። እንግዳው ሻንጣውን ይዞ ሲወጣ «ሊቭ» ነው፣ መነጽሩን ትራስ ሥር ረስቶ ሲወጣም «ሊቭ» ነው። ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ደግሞ የዓመት ዕረፍት ሆኖ ይገኛል። የክፍላችን አለቃ እጇን እያወናጨፈች «ሊቭ ሚ!» ካለች ተዉኝ፣ ጭንቅላቴን አትብሉኝ ማለቷ ነው። እንግዲህ አንድ ቃል ማስቀመጥም፣ መሄድም፣ መርሳትም፣ ማረፍም፣ መተውም ሲሆን፣ ቢሮዎ ከዚህ ሁሉ መካከል መሄድን መርጦ ስለሰጠኝ፣ ለምርጫው ድካም አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፦ የዚህ ቃል ኃላፊ ጊዜው «ሌፍት» ነው አሉኝ። «ሌፍት» ደግሞ ግራ ማለት መሆኑን ከኮሪደሩ ቀስት ላይ አውቀዋለሁ። ስለዚህ ግራ ገባኝ ስል በሁለቱም ቋንቋ እውነቴን ነው። ኃላፊው ግራ የሆነ ቃል የበታቹን ግራ ቢያጋባ አይፈረድበትም።

ሦስተኛ፦ እንግዳ መቀበያ ያለችው ልጅ ልታጽናናኝ ብላ፣ ቃሉን ሳብ አድርገው ሲሉት መሄድ፣ ቆረጥ አድርገው ሲሉት ግን መኖር እንደሆነ አስረዳችኝ። እኔ ብሞክር ብሞክር አፌ ያው አንድ «ሊቭ» ብቻ አወጣ። «እትዬ፣ ሲኖሩ አያስረዝሙት!» አለችኝና ሁለታችንም ሳቅን። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ሳቁ ጠፋ። የቤት ኪራዩም፣ የእህቴ የዓይን ጠብታም የሚወጣው ከዚያ ካውያ ነው። ለእኔ በመኖርና በመሄድ መካከል የቀረው የትንፋሽ ርዝመት ብቻ ነው።

አራተኛውን ትቼዋለሁ። ይህም አንዱ ትርጉሙ ነው።

አምስተኛ፦ አጠገቤ የምትተኩሰው ባልደረባዬ በዚያው ሰሞን ማንንም ሳታስፈቅድ ቀርታ ነበር። ተቆጧት፣ ዛሬም ካውያዋ ላይ አለች፤ ደግ አደረጋችሁ፣ እንዳትነኩብኝ። እኔ የተማርኩት፣ በሆቴላችን ሳይጠይቁ መቅረት ቁጣ፣ ጠይቆ መቅረት ደግሞ ስንብት እንደሚያመጣ ነው። ትምህርቱን በነፃ ስላገኘሁ ባለውለታዎ ነኝ።

ስድስተኛውን ቁጥር አልሰጠውም፣ ደክሞኛል። ማመልከቻዬን ባስገባሁበት ቀን በምድር ቤቱ በር ሲያልፉ ቆም ብለው «የእህትሽ ዓይን እንዴት ሆነ?» ብለው ጠይቀውኛል። ነገ ኦፕራሲዮን ናት አልኩዎ። «እግዜር ይማራት፣ በርቺ» አሉኝ። በአማርኛ ነበር የጠየቁኝ፣ በአማርኛ ነበር የመለስኩልዎ፤ አንዲትም ቃል አልጠፋችብንም። ከዚያ ደረጃውን ወጡና ለመሄዴ ፈረሙ።

ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይባላል። በአነጋገሬ ፈርደውብኛል፣ ይሁን፤ እንግሊዝኛዬ እንደ ኪስ ወረቀት የተጨማደደ ነው። ዕድሜዬን ጨርቅ ይዤ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ግን ከአያያዝ የተቀደደውን ለይቼ አውቀዋለሁ።

የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፤ እንዳያስቸግርዎም አንድ ትርጉም ብቻ ባለው ቋንቋ እጽፈዋለሁ፦ ሥራዬን ይመልሱልኝ።

ለሰጡኝ ምስጋና ምስጋናዬን እየመለስኩ፣ ቃልዎ ረጅም ሳይሆን ዕድሜዎ ረጅም እንዲሆን እየተመኘሁ፣

ያልሄድኩት፣ ያልለቀቅኩት፣ አስፈቅጄ የቀረሁ የመሰለኝ፣
የምድር ቤቱ ተኳሽዎ
(አንሶላ ማለቴ ነው፤ ቢሮዎ በሌላኛው ትርጉሙ ወስዶት ፖሊስ እንዳይጠራ።)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሸበጤና የማንበቢያ መነጽሬ ከመተኮሻው ጠረጴዛ ሥር ናቸው። ሥራ የሚለቅ ሰው መነጽሩን ትቶ አይሄድም ብሎ የሚጠረጥር ሰው ካለ ብዬ እስካሁን አልወሰድኳቸውም። ሸበጡን እንዳያስጥሉብኝ አደራ። መነጽሩን ግን ማመልከቻዬን ደግመው ለማንበብ ካስፈለገዎ፣ እስክመለስ ድረስ ይጠቀሙበት።