በሩን ጠይቀኸኝ ነበር

ይድረስ ለምሳሳልህና ለተቀየምኩህ ታላቅ ወንድሜ፦

ወንድም ጋሼ፣ ለጤናህ እንደምን አለህ? ያ በብርድ የሚነሳብህ ወገብህስ ተሻለህ? ባለቤትህስ እንዴት ናት፣ ልጆቹስ? ትንሿ የፊት ጥርሷ ወልቆ ስትስቅ የተነሳችውን ፎቶ ትራስጌዬ ሰክቼዋለሁ፤ ጠዋት ከማንም በፊት የማየው እሷን ነው። እኔ ፈጣሪ ይመስገን አለሁ። አለሁ ስልህ እንደ ሌላው ጊዜ ለወጉ ያህል እንዳይመስልህ። ዘንድሮ አለመኖርም ነበረ።

ፊደሉን አይተህ ግራ ገብቶህ ይሆናል። የእኔ የዶሮ ጭረት እንዳልሆነ መቼም አይጠፋህም። ቀኝ እጄ ከክርኑ በላይ ተሰብሮ በጄሶ ታስሯል፤ ስለዚህ እኔ እናገራለሁ፣ ሌላ ሰው ይጽፍልኛል። ማን እንደሆነ ስጨርስ እነግርሃለሁ። አንዲት ቃል ሳይቀነስ ሳይጨመር እንዲጻፍ አጥብቄ ለምኛለሁ፤ ክፉ ቃል ብታገኝ ጥፋቱ የጸሐፊው አይደለም፣ የእኔው ነው።

በስልክ ያልነገርኩህ ስለማታስጨርሰኝ ነው። ገና ስጀምር “ቤቱ የእኔ ነው” ትለኛለህ፣ እኔም አፌ ይያዛል። አዎ፣ ቤቱ ያንተ ነው። እያንዳንዱ ብሎኬት ባንተ ላብ ነው የቆመው፤ አልካድኩም። ግን ግቢው ውስጥ የምውለው የማድረው እኔ ነኝ። ከሩቅ ሆነህ “እገሌን አስገቢ” ስትል ክፍል የሰጠኸው ይመስልሃል፤ የሰጠኸው ግን ለሌላው ሰው ጎረቤት ነው።

እናታችን እንዴት ታደርግ እንደነበር አትረሳውም። ክፍል ሲለቀቅ ለመከራየት የመጣውን ሁሉ በሩ አጠገብ ያለችው አግዳሚ ላይ ታስቀምጥና “መጣሁ” ብላ ትገባለች። ሥራ ኖሯት አይደለም። መስኮቱ ሥር ቆማ ታያቸዋለች። ማን በመጠበቁ ይቆጣል፣ ማን ልጁን ያመናጭቃል፣ ማን ተነስቶ ለሌላው ቦታ ይለቃል። ቀጥላ ግድግዳ የሚጋራውን ተከራይ ጠርታ “እስቲ እየው፣ ካንተ ጋር ይሆናል?” ትለዋለች። እሱ ካልወደደው ያ ሰው አይገባም። አንተ ያኔም ትስቅባት ነበር። እኔ ቁልፎቹን ስረከብ አግዳሚዋንም አብሬ ነው የተረከብኩት።

የኋላው ክፍል ሲለቀቅ አንዲት ነርስ መርጬ ነበር። ከእናቷ ጋር መጥታ፣ ፀሐዩ ሲደርስባቸው እናቷን ወደ ጥላው አሻግራ ራሷ ፀሐዩ ላይ ተቀመጠች። ግድግዳ የሚጋራት ልብስ ሰፊውም አየት አድርጎ “ትሁን” አለ። ደስ ብሎኝ ልነግርህ ስደውል አንተ ለካ ለሌላ ቃል ሰጥተሃል። አብሮህ የተማረ፣ ጎሚስታ የሆነ ወዳጅህ ከነሚስቱ ቤት አጥቷል። ነርሷን ይቅርታ ብዬ ሸኘኋት።

ቢሆንም ወዳጅህንም አግዳሚው ላይ አስቀመጥኩት፤ ልማድ ነው። ከሩቅ ሲታይ የሚስቱን እጅ የያዘ መስሎኝ “አይ ፍቅር” ብዬ ነበር። ልብ ብዬ ሳይ የያዘው አንጓዋን ነው፤ ጣቶቿ ገርጥተዋል። አንድ ነገር ልትለው ዞር ስትል ጨመቀው፣ ፊቷን መለሰች። ያኔውኑ ደውዬ ልቤ አልወደደውም፣ የሚስቱን እጅ አያያዙ አላማረኝም አልኩህ። ሳቅህ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።

“አንቺ ደግሞ፣ ሰው በአግዳሚ ይመዘናል? ቁልፉን ስጪው አልኩ።”

ሰጠሁት። ልብስ ሰፊውን ጠርቼ ካንተ ጋር ይሆናል ወይ አላልኩትም፤ አንተ ከወሰንክ ምን ብዬ ልጠይቀው።

ከዚያ ወዲህ ግቢው ግቢ አልሆነም። ውሃ ወረፋ ላይ የተከራያችንን የዳቦ ጋጋሪውን ባልዲ በእርግጫ ብሎ ከነውሃው ግድግዳው ላይ ከሰከሰው። ዳቦ ጋጋሪው ቀና ሲል በጭንቅላት ገጭቶ አፍንጫውን ሰበረው። ውሻችን ስለጮኸበት በጎማ መፍቻው ብረት ወገቡን ብሎት፣ ምስኪኑ የኋላ እግሮቹን እየጎተተ አጥሩ ሥር ደርሶ ሞተ። ስደውልልህ “ለውሻ ነው እንዴ ከሥራ የምትጠሪኝ?” አልከኝ። ሚስቱን ሲመታት ደግሞ የእሷ ድምፅ አይሰማም። የሚሰማው የሱ ትንፋሽና የዕቃው መንኮታኮት ነው። ልብስ ልታሰጣ ስትወጣ ዓይኗ አብጦ አያታለሁ፤ ምን ሆንሽ ስላት “በር መታኝ” ትለኛለች። የክፍሉን መቀርቀሪያ ከውስጥ በኩል እሱ ራሱ ነቅሎ እንደጣለው፣ ልትዘጋበት እንዳትችል ብሎ፣ ያወቅኩት በኋላ ነው።

አሁን ወደ እሑዱ ልምጣ። ጠራራ ፀሐይ ነው፣ ግማሹ ሰው ልብስ ያጥባል። ከኋላው ክፍል ያ መንኮታኮት ጀመረ። ሁላችንም እንደለመድነው አጎነበስን። ልብስ ሰፊው ግን የስፌት መኪናውን አቆመና ግድግዳውን በጡጫው እየደበደበ “በቃ” አለ። ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር የሰማሁት በዚያ ቀን ብቻ ነው። ወዳጅህ ብረቱን ይዞ ወጣ፤ ዞሮ ልብስ ሰፊው ዘንድ ገባ። እኔ ስደርስ የልብስ ሰፊውን ቀኝ እጅ የስፌት መኪናው ጠረጴዛ ላይ በጉልበቱ ተጭኖ፣ ጣቶቹን በብረቱ ይወቅጣል። አጥንቱ ሲሰበር እንደ ደረቅ ጭራሮ ይንጣጣል። ሊሰፋው የነበረው ነጭ ሸሚዝ ደም በደም ሆኗል። ጀርባው ላይ ተንጠለጠልኩ፤ በክርኑ ብሎኝ ደጅ ወደቅኩ።

ሚስቱ ይህን ጊዜ ቁም ሣጥኑን ገፍታ በሩን ከውስጥ አስደግፋበት ነበር። እሱ ሲመለስ በሩ አልከፈት አለው። በብረቱ መታው፣ በእርግጫ ደገመው፣ ጣውላው ተሰነጠቀና ከነማጠፊያው ወደ ውስጥ ተደረመሰ። ጸጉሯን ጠቅልሎ ይዞ ግቢው መሐል ድረስ ጎተታት። እዚህ ላይ የምትጽፍልኝ እጅ ቆም ብላ ነበር፤ ልተወው ወይ ብዬ ጠየቅሁ፣ ቀጥዪ ተባልኩ። ፊቷን ከቧንቧው ድንጋይ ጋር አጋጨው። ቆዳው ከቅንድቧ ላይ ተገልጦ አጥንቷን አይቻለሁ። ደግሞ ሊያጋጨው ሲያነሳት አካፋውን አንስቼ ትከሻውን አልኩት። ወንድም ጋሼ፣ እኔ ያቺ ዶሮ ሲታረድ ፊቴን የምሸፍነው እህትህ፣ ባለ በሌለ ኃይሌ ነው የመታሁት። ዞሮ በብረቱ እጄን ሰበረው። ያን ጊዜ አፍንጫው የተሰበረው ዳቦ ጋጋሪ ደረሰ፣ ሌላውም ደረሰ፤ የግቢው ሰው ሁሉ ወረደበት። በልብስ መቀጥቀጫ፣ በድንጋይ፣ በጫማ። ጥርሱ ሲረግፍ አይቼ ተዉ አላልኩም፤ ደስ ብሎኝ ነበር። የተሰባበረ እጁን እንደ ሕፃን አቅፎ ወጥቶ “በቃ፣ ትገድሉታላችሁ” ያለው ልብስ ሰፊው ነው። ፖሊሶች ሲወስዱት በእግሩ አልሄደም።

በማግስቱ ደወልክ። እኔ ሐኪም ቤት ኮሪደር ላይ ተቀምጫለሁ፣ ድምፅህን ስሰማ አይዞሽ ትለኛለህ ብዬ ጠበቅሁ።

“በሩ ተሰበረ አሉኝ፣ እውነት ነው?” አልክ።

ቀጠልክና ወዳጅህ ንዴት እንጂ ክፋት እንደሌለበት፣ ከእስር ሲወጣ እንዲገባበት ክፍሉን ለማንም እንዳልሰጥ፣ ሚስቱንም እስከዚያ ወደ ዘመዶቿ እንድሸኛት አዘዝከኝ። ስልኩን የዘጋሁብህ ባትሪ አልቆብኝ አይደለም። አንጀቴ አርሮ ነው።

እንግዲህ መልሴን ስማ። ወዳጅህ እዚህ ግቢ እግሩ አይደርስም። ቤቱ የእኔ ነው ካልክ አንተው ና፤ አግዳሚው ላይ አብረኸው ተቀመጥ፣ ግድግዳውንም አንተ ተጋራው። ወይም ቁልፎቹን ለሌላ ስጥ፤ እኔ ሰው ቤት ልብስ አጥቤም እኖራለሁ። በእኔ እጅ እስካለ ድረስ ግን የሚገባውን የሚመርጠው አብሮት የሚያድረው ነው።

ክፍሉንም አከራይቼዋለሁ፤ ላንተው ወዳጅ ሚስት። ከሐኪም ቤት ግንባሯ ተሰፍቶ ስትመለስ ወደ ውስጥ አልገባችም፤ ሄዳ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ምን ሆነሻል፣ ግቢ እንጂ ብላት “የለም፣ እኔንም እዪኝ። ያን ቀን የታየው እሱ ነው፣ እኔን ማን አየኝ” አለችኝ። መስኮቱ ሥር ሄጄ ቆምኩ። ብዙ ማየት አልቻልኩም፣ እንባዬ አስቸገረኝ። ልብስ ሰፊውን ጠርቼ በወጉ ካንተ ጋር ትሆናለች ወይ አልኩት። “እጄ እስኪድን መኪናውን ማን ይረግጥልኛል? ትግባ” አለ። አሁን እሱ አጠገቧ ተቀምጦ እዚህ ጋ እጠፊ፣ እዚያ ጋ ዝለዪ ይላታል፣ እሷ ትሰፋለች። የመጀመሪያው ሱሪ አንዱ እግሩ አጥሮ ወጣ፤ ባለቤቱ ሳይቀር ስቋል።

ይህን ደብዳቤ የጻፈችልኝም እሷ ናት። ስለ ራሷ የሰማኸውን ሁሉ በገዛ እጇ ነው የጻፈችው። አንዲት ቃል አልቀነሰችም።

ባለቤትህን አጥብቄ ሳምኳት በልልኝ፤ ይህንንም ደብዳቤ እሷም ታንብበው፣ እንዳትደብቅባት። ትልቁን ልጅህን በትምህርትህ በርታ በለው፣ አክስትህ አካፋ ይዛ ተዋጋች ብለህ ብታስቀው አልቀየምም። መሐለኛዋን ጉንጯን፣ ትንሿን ያቺን የጥርሷን መስኮት ሳምልኝ። አማትህ ጉልበታቸው እንዴት ሆነ? ሰላም በልልኝ። ዳቦ ጋጋሪው ሰላም ብሎሃል። ልብስ ሰፊው በግራ እጁ እጅ ነስቷል። ጸሐፊዬንም ምን ልበልልሽ ብዬ ጠየቅኋት። “ስለ በሩ ጠይቆሽ የለ፣ እሱን ንገሪው” አለችኝ።

በሩ ተሠርቷል። ከውስጥ ይቆለፋል።

እህትህ
በሩ አጠገብ ካለችው ክፍል
ቅዳሜ፣ ኅዳር 12 ቀን