የአማቻችን ሽቦ

ለታላቅ ወንድሜ ለቶፋዜል፣

አሰላሙ አለይኩም። ጤናህ እንዴት ነው? የዶሃ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ወገብህስ ተሻለህ? የሌሊት ተራ ሲደርስህ ቀን እንቅልፍ ታገኛለህ ወይ? እኛ፣ ፍየሉ ሲቀር፣ ምስጋና ለአላህ ይግባውና ሁላችንም ደኅና ነን። የፍየሉን ነገር እመለስበታለሁ።

ይህን በስልክ ያልነገርኩህ፣ አንተ ስትደውል እማ ከአጠገቤ ስለማትርቅ ነው። ደብዳቤውን የሚያደርስልህ የጎረቤታችን ልጅ ሮፊክ ነው። በዘይት የተዘፈዘፈውን ማንጎም እሱ ይዞልሃል፤ ጠርሙሱ ጎድሎ ከደረሰህ ማን እንደ በላው ታውቃለህ።

የላክኸው ፍሪጅ በደረሰ ሰሞን፣ ከገበያ ፈቃድ ያለውን ኤሌክትሪሺያን ኒታይን ልንጠራ ነበር። በዚያው ሳምንት ግን የእህታችን የነርጊስ ባል ሞታሌብ ለጥየቃ መጣ። ታውቀዋለህ፣ የስልክ ቻርጀር ይሸጣል፤ ቻርጀር ስለሸጠ ኮረንቲ ያወቀ ይመስለዋል። የራሳችሁ ሰው እያለ እንዴት ባዳ ትጠራላችሁ ብሎ ተቆጣ። እማ በደስታ ክንፍ አወጣች። አማች እንግዳ ሆኖ መጥቶ እጀታውን ጠቅልሎ መሰላል ላይ ሲወጣ፣ መንደሩ እንዲያይላት የግቢውን በር ከፍታ ተወችው። ሞታሌብ ሽቦ አጠረው። ከቆጣሪው ሁለት ሽቦ መሳብ ሲገባው አንዱን ብቻ ሳበና፣ መመለሻውን በኩሽናው ጀርባ አውጥቶ በእጅ ከምንቀዳበት የውኃ ፓምፕ ብረት ጋር ጠመጠመው። መሬት ሁሉን ይቀበላል አለን። ፍሪጁም ሠራ። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይባላል፤ ያን ቀን ግን ንፍጡ አልታየንም።

ዝናቡ ሲጀምር ፓምፑ ይነዝረን ጀመር። መጀመሪያ ጉንዳን የነከሰኝ መስሎኝ ነበር። ኋላ ልብ ስል፣ ፍሪጁ ሲያጉረመርም ይነዝራል፣ ፍሪጁ ዝም ሲል ይተዋል። ለእማ ብነግራት ሳቀችብኝ። ይባስ ብሎ አክስት ጆሪና የፓምፑን እጀታ ይዛ ብትቆይ የጉልበቷ ቁርጥማት ቀለል አላት። ወሬው ተሰማና የመንደሩ አሮጊቶች ከሰዓት በኋላ ወረፋ እየያዙ ፓምፓችንን ይጨብጡ ጀመር። አንዷማ ለምስጋና ዶሮ ይዛ መጣች። እማም፣ አማቼ የሠራው ነው እያለች ታስጨብጣቸው ነበር።

ከዚያ ለአረፋ ያስገዛኸን ፍየል ሞተ። ዝናብ ካባራ በኋላ ፓምፑ ሥር የተኛውን ውኃ ሊጠጣ ሄዶ፣ በአፍንጫው ብረቱን ሲነካ እግሮቹን ገትሮ ወደቀ። በዓይኔ አይቻለሁ። እማ እባብ ነው አለች፤ ጎረቤቶቻችን የሰው ዓይን ነው አሉ። ለፍየሉ አላለቀስኩም። እኔን ያስጨነቀኝ፣ እማ ለየሶላቱ ውዱእ የምታደርገው እዚያው ውኃ ላይ በባዶ እግሯ ቆማ መሆኑ ነው።

ኒታይን እንጥራው ብዬ ለመንኳት። "አማቼ የሠራውን በባዳ አስነቅዬ፣ ልጄን ከነጓዟ እንዲመልሱልኝ ነው?" አለችኝ። እውነቷን ነው፤ የሞታሌብ እናት በሠርጉ ቀን ዓሣው አነሰ ብላ ያኮረፈችውን እስከ ዛሬ ታነሣዋለች። ስለዚህ እማ ልትታጠብ በሄደች ቁጥር የፍሪጁን ሶኬት በድብቅ መንቀል ጀመርኩ። አንድ ቀን መልሼ መሰካቱን ረስቼ ዓሣው ሸተተና ተያዝኩ፤ ዳግመኛ እንዳልነካው በአንተ ስም አስማለችኝ። ከዚያ ወዲህ የፓምፑ እጀታ ሲንጫጫ በሰማሁ ቁጥር፣ የያዝኩትን ጥዬ እማ እስክትመለስ በሩ ላይ እቆም ነበር። በጣም ፈርቼ ነበር።

ማንጎው ሲደርስ እንደ ደንቡ አማች ተጠራ፤ ሞታሌብና ነርጊስ መጡ። እኔም ለሚስት ታናሽ እህት የተፈቀደውን ቀልድ ቀለድኩ፤ ምንጣፉ ላይ ሲቀመጥ የላስቲክ ነጠላ ጫማውን ሰርቄ ሩዝ ማስቀመጫው ውስጥ ደበቅሁት። እህትሽ ሌባ ናት እያለ ለነርጊስ ሳቀ። ከምሳ በፊት እግሩን እንዲታጠብ ፎጣ ይዤ ወደ ፓምፑ ስጠራው ግን ሳቁ ቆመ። ጫማዬን መልሺ አለኝ፤ እምቢ አልኩት። ከባልዲ አፍስሺልኝ አለኝ፤ ባልዲው ባዶ ነው አልኩት። እንግዲያው ኩሬው ይሻለኛል ብሎ ተነሣ። እኔ አደጋውን ያውቅ እንደሆነ ልየው ብዬ ነው እንጂ፣ እጁን ቢዘረጋ ኖሮ ቀድሜ በፎጣው ልከለክለው ነበር። እጁን አልዘረጋም። ነርጊስ የፍየሉን ነገር ነግራው ኖሮ፣ ሰውየው አውቆታል።

እማ ይህን ሁሉ ከበረንዳው ታይ ነበር። የቀትር አዛን ሲሰማ ጫማዋን አውልቃ፣ ሳሪዋን ሰብሰብ አድርጋ ወደ ፓምፑ ሄደች። ፍሪጁ ያጉረመርማል። ፎጣውን እንደያዝኩ ወደ እሷ ተንደረደርኩ። እጇን ወደ እጀታው ስትሰድ ሞታሌብ "እማ፣ አይንኩት! ይገድልዎታል!" ብሎ በባዶ እግሩ እየሮጠ ከቆጣሪው ላይ መብራቱን አጠፋው።

እማ እጇን አልሰበሰበችም። "ታዲያ ልጄ፣ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልክ?" አለችው። ሽቦ አጠረኝ ማለት አሳፍሮት እንደነበረ፣ ስለ ፍየሉ ሲሰማ ደግሞ የባሰ እንዳፈረ፣ እንባ እየተናነቀው ነገራት። አልተቆጣችውም። አስቀምጣ ማንጎ ላጠችለትና፣ ሲጨርስ ራሱ ሄዶ ኒታይን እንዲያመጣው አዘዘችው። ስለዚህ መንደሩ የሚያውቀው ኒታይን ያስመጣው አማቻችን መሆኑን ነው፤ አንተም ስትደውል እንዲሁ በል።

ኒታይ ፓምፑ ከላይ ብረት ቢሆንም ከሥር የፕላስቲክ ቧንቧ ስለሆነ፣ ኮረንቲው በቂ መውረጃ አጥቶ ብረቱ ላይ ይቀር እንደነበረ ነገረን። የጎደለውን ሽቦ ስቦ፣ ኮረንቲ ሲያመልጥ ራሱ የሚዘጋ ማጥፊያ ገጠመልን። አክስት ጆሪና መድኃኒቴን ወሰዳችሁብኝ ብላ አኩርፋናለች።

እንግዶቹ ሲሄዱ እማን፣ የእውነት ልትነኪው ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ሰሐን እያጠበች ነበር። "እኔ ስሞት ዝም ብሎ የሚያይ ሰው ከሆነ፣ ልጄን ዛሬውኑ ከቤቱ ላወጣት ነበር። ይህን ለማወቅ ደግሞ ልነካው ግድ ነበር" አለችኝና ሰሐኑን ደፋችው።

እማ ሰላም ብላሃለች፤ ፓምፑን አሁን የምትይዘው መጀመሪያ በእጇ ጀርባ ነካ አድርጋ ነው። ነርጊስ ሰላም ብላሃለች። ሞታሌብም አፍሮ ነው እንጂ ይናፍቅሃል። በአንድ ክፍል አብረውህ የሚያድሩትን፣ የወጥ ቤቱን አዛውንት ጭምር፣ ሰላም በልልኝ። ደግሞ አልጋህ ራስጌ ያለውን ሶኬት ማን እንደ ሠራው ጠይቅልኝ። የማያውቁ ከሆነ አልጋህን አዙር።

እህትህ ሻፕላ

ኖልቢላ መንደር፣ ሜህርፑር
የጆይሽቶ ወር ማለቂያ፣ ከአረፋ በፊት