መንገዱ በኤላዲዮ ቤት ላይ ይለፍ

ማርች 4፣ 1978

ዛሬም ውሃ የለም። ባልዲ ተሸክሜ ኮረብታውን ስወጣ ጭቃው ጫማዬን ዋጠው። ዶን ኤላዲዮ ደጁ ላይ ብርቱካን ይልጣል። አገር ይገዛ የነበረው ጄኔራል ሞቷል፣ የኤላዲዮም የሰፈር ሹምነት ቀርቷል... እሱ ግን አቀማመጡ ያው የሹም ነው። አላፊ አግዳሚው “እንደምን አደሩ ዶን ኤላዲዮ” ይለዋል፣ ጌታዬ እንደማለት። እኔ ዝም ብዬው አለፍኩ።

ማርች 11

የሰፈር ማህበራችን ስብሰባ ነበር። ማዘጋጃ ቤቱ መንገድ ሊሠራልን ነው። በየት በኩል ይውጣ? እናንተ ምረጡ ተባልን። እኛ! ሊቀ መንበራችን ብራውሊዮ ሁለት መስመር በጠመኔ ሳለ። አንዱ በባዶው ሜዳ ይዞራል። ሌላው ቀጥ ብሎ በኤላዲዮ ቤት መሃል ያልፋል።

እጄን አወጣሁ። “በቀጥታው!”

“ፊሎ፣ የሰውዬው ቤት ይፈርሳል እኮ” አለኝ ብራውሊዮ።

“ይፍረሳ! አምቡላንስ ቶሎ ይደርሳል።”

ለምን እንዲህ እንደምል ሁሉም ያውቃል። ልጄ በትኩሳት ሲቃጠል አምቡላንሱ ጭቃውን መውጣት አቃተው። መኪና የነበረው ኤላዲዮ ብቻ። ደጁ ላይ ተንበረከክኩ። “ዛሬ ላንቺ ካደረግኩ ነገ ሰፈሩ ሁሉ ይሰለፍብኛል” ብሎ በሩን ዘጋብኝ። ልጄ ሳይነጋ ሞተ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ቀጥታው አሸነፈ።

ማርች 12

እንቅልፍ ወሰደኝ። እንዲህ ከተኛሁ ስንት ዘመኔ?

ሴፕቴምበር 20

ዶዘሩ መጣ። ግድግዳው ሲናድ እሰይ አልኩ፣ ጮክ ብዬ። እሱ ወንበሩን ታቅፎ ያያል። ልዘንለት? ለምን ብዬ!

ጃንዋሪ 15፣ 1980

ጉድ ፈላ። ማዘጋጃ ቤቱ ለሰፈራችን ሰው የሚሠራቸው አዲሶቹ ፎቆች ሊያልቁ ነው። “መንገዱ ቤቱን ያፈረሰበት ቅድሚያ ያገኛል” ይላል ደንቡ። ይህን ደንብ ማን አስጸደቀው? እኛው። እኔው ነኝ ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ድምፄ እስኪዘጋ የጮህኩት። በገዛ እጄ ሙቅ ውሃ ያለው ቤት ሰጠሁት!

ብራውሊዮ ሳቁ አመለጠው። “ውለታሽ አለበት ፊሎ።”

“ዝም በል፣ አፈር ብላ!”

ጃንዋሪ 22

ስብሰባ። አንዱ ተነስቶ “የድሮ ሹሞች ከደንቡ ይውጡ” አለ። ጭብጨባው! ልቤ ዘለለ። ብራውሊዮ ግን “ዛሬ እሱን ካስወጣን፣ ነገ ማዘጋጃ ቤቱ የሚንቃቸውን ጂፕሲ ጎረቤቶቻችንን ያስወጣል” አለ። እውነቱን ነው... ምን ላድርግ? ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ኤላዲዮ ከኋላ ቆሟል፣ ባርኔጣውን ይዞ።

“ደንብ ደንብ ነው። ይግባ” አልኩ። አፌ መረረኝ።

ከዚያ ወደ እሱ ዞርኩ። “አንተ! የልጄ ስም ማነው?”

አንተ ስለው የመጀመሪያዬ ነው። አፉን ከፈተ... አያውቀውም።

ጁን 3

የቤት ዕጣ ወጣ። በር ለበር ደረሰን፣ እኔና እሱ! መጀመሪያ ደሜ ፈላ። ኋላ ግን ደስ አለኝ። ከእንግዲህ የት ያመልጠኛል?

ጁን 10

ጠዋት እሱ በሩን ሲከፍት እኔም የእኔን ከፈትኩ። “ኒካሲዮ” አልኩት። ሌላ ቃል የለም። ፊቱ አመድ መሰለ። ነገም እለዋለሁ።

ኦክቶበር 9

እስካሁን አንድ ጠዋት አላለፈኝም። ጎረቤቶች “ይብቃሽ፣ ሽማግሌ ነው” ይላሉ። አይበቃኝም።

ኖቬምበር 2

የሙታን ቀን፣ ሰው ሁሉ መቃብር የሚሄድበት። አበባ ይዤ ልወጣ ስል የእሱም በር ተከፈተ። ሱፍ ለብሷል። አፌን ሳልከፍት ቀደመኝ።

“ኒካሲዮ” አለ። “ዶኛ ፊሎሜና... የት ነው የተቀበረው?”

ዶኛ! እስከ ዛሬ ለእሱ አንቺ ነበርኩ። ደረጃውን ወረድኩ። ኋላዬ ኮቴው ይሰማኛል። እስከ መካነ መቃብሩ በር ተከተለኝ።

ይቅር አላልኩትም። ግን አላባረርኩትም።