የአክስቴ ድምፅ አለቀ ተባለ

ውድ ቨርና፣

ኦክላንድ፣ አክስቴ ኦዴሳ ቤት ነኝ፤ ደሜ ፈልቷል። ለከተማው ምክር ቤት ስድስት ሰው ተወዳድሮ ነበር። ወረቀቱ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያላችሁ በደረጃ ምረጡ ይላል፤ አንደኛሽ ከወደቀ ድምፅሽ ለሁለተኛሽ ያልፋል፤ እሷ ግን ጎረቤቷን ክሊፍተንን አንደኛ ብላ ሌላውን ባዶ ተወችው። ክሊፍተን ገና በመጀመሪያው ቆጠራ ወደቀ። በመጨረሻ ሁለት ቀሩና አረጋውያን ምሳ የሚበሉበትን አዳራሽ እዘጋለሁ ያለው ሰውዬ በጥቂት ድምፅ አሸነፈ።

አክስቴን ይዤ ምርጫ ቢሮ ሄድኩ። «እማማ፣ ሁለተኛ ስላልመረጡ ድምፅዎ አልቋል» አላት ጸሐፊው።

«አልቋል? እኔ አለሁ አይደል እንዴ!»

እኛ አገር ሜከን ቢሆን ሁለቱ ሲቀሩ ተመልሰን እንመርጥ ነበር። እዚህ ማን ከማን ጋር እንደሚቀር ሳታውቂ አስቀድመሽ ገምቺ ይሉሻል። ምርጫ ነው ወይስ ሎተሪ?

ዛሬ ሰውዬው እዚያው አዳራሽ መጥቶ «ስለመረጣችሁኝ አመሰግናለሁ» እያለ ሁሉንም ሲጨብጥ ምሳ ላይ የነበረችው አክስቴ ጋ ደረሰ። እጇን አልዘረጋችለትም።

«እኔ አልመረጥኩህም፣ ልጄ። ሌላውን እንዳልመርጥብህም ከለከሉኝ» አለችው። እጁን ሰብስቦ ወጣ።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። እናትሽንና መንትዮቹን ሳሚልኝ። ኦዴሳም ሰላም በያት ብላኛለች፤ አዳራሹ እንዳይዘጋ ከክሊፍተን ጋር ፊርማ ልታሰባስብ እየወጣች ነው።

ሎሬታ